በመቃብሩ አፋፍ የአባት ድርሻ

ኤይለርት ሠላሳ ዓመት በዓሣ ጀልባ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበር። ወደቡ ላይ ወሬ ሲጀምር ሰው ሥራውን አቁሞ ይሰማው ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ እጁ ሰነፈ፤ አንደበቱም ተያዘ። በየካቲት ደግሞ አንድ ልጁ ሲግቫርት ከመርከብ ወድቆ ሞተ።

በመንደሩ ልማድ ሣጥኑ ጉድጓድ ከገባ በኋላ የሟቹ አባት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣል፤ የሸኙትን ያመሰግናል፤ ወደ ሚኔሳምቬር፣ በጸሎት ቤቱ ወዳለው የመታሰቢያ ማዕድ፣ ይጠራል።

«ለእኔ ተውልኝ፣ ወንድሜ» አለው ታናሹ ቶርጊልስ። «ማንም አይታዘብህም።»

«እኔ» አለ ኤይለርት ደረቱን እየመታ።

ቀብሩ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ሚስቱ ኦስኔ አስተማሪ ነበረች፤ ልጆችን ረጅም ቃል የምታስነብበው እየከፋፈለች፣ በየክፍሉ ጠረጴዛ እያስመታች ነው። ባሏንም እንደዚያው አስቀመጠችው። ሚን፣ ኔ፣ ሳም፣ ቬር። ሁለት ቃል የተገጣጠመበት ነው፤ የፊተኛው መጀመሪያ ላይ ከባድ ምት፣ የኋለኛው መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ፣ የቀሩት እንደ ነገሩ።

«ሁሉንም እኩል አትደቃ እንጂ! ምስማር ነው እንዴ የምትመታው?»

ግማሽ ፊቱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ልጃቸው ያልተቀበረ መሆኑ ትዝ አላቸውና ወደ ቃሉ ተመለሱ።

በስድስተኛው ቀን ቃሉን ጨረሰው። «አንተ ሰውዬ፣ ቻልከው!» አለችው። በሰባተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ጠፋበት።

የቀብሩ ዕለት ነፋስ ነበር። «ታክ» አለ ኤይለርት፤ ምስጋናው አጭር ነውና ወጣለት። ግራ እጁ ጭኑን መታ።

«ሚን።» ከባድ ነበር፣ እንደሚገባው። «ኔ።» ሰዉ ኮፍያውን እንደያዘ ጠበቀ። «ሳም።»

የቀረው አልመጣም። እጁ መታ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ።

«ወንድሜ ሁላችሁንም ያመሰግናል» አለ ቶርጊልስ በጥድፊያ። «ወደ ጸሎት ቤቱ ግቡ፣ ትኩስ ሾርባ አለ።»

ሰዉ ትንፋሹን ለቅቆ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ትንሽ ብትታገሠው ምን ነበረበት?» አለችው ኦስኔ።

«ሲታነቅ እያየሁ?» አላት ዓይኑ ቀልቶ። ሄደ።

ኤይለርት ከቦታው አልተነቃነቀም። ወደ ሰዉ ጀርባ ዞሮ እንደገና ከ«ሚን» ጀመረ። ኦስኔ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። አራተኛው ክፍል፣ «ቬር»፣ ሲወጣ የመጨረሻው መኪና ከመቃብሩ ግቢ ወጥቶ ነበር።