ዘነበች ስትወድቅ የቆምኩበት ቦታ

ባለቤቴን ዘነበችን ሕመሙ መጀመሪያ ያገኛት ቁርስ ላይ ነው። ግራ እጇ ብቻውን ተንቀጠቀጠና የያዘችው ብርጭቆ ወደቀ። ስጠራት ዓይኗ ክፍት ሆኖ አልሰማችኝም። ትንሽ ቆይታ «ምን ሆንኩ?» አለች። ድካም መሰለን። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን በሆነበት ሰሞን ነው፤ እኔ እዚያው ዞን ተበላ በምትባል ከተማ አስተምር ነበር።

በወሩ መውደቅ ጀመረች። ጎረቤቶች ክብሪት ጭረው ያሸትቷታል። «ስትንፈራገጥ የነካት ሰው ይይዘዋል» ይሉኝ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን አመንኳቸው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር የምትቀቅልበት ምድጃ ላይ ወድቃለች። እጇ እሳት ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። ተማሪዎቼ ፊት ስወድቅ፣ አረፋ ስደፍቅ ታየኝ። ራሴን ነው ያየሁት። ከዚያ ገባሁ። በቀሚሷ ጫፍ ጎተትኳት። ገላዋን አልነካሁም።

ሶዶ ሆስፒታል ወሰድናት። ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ።

ሐኪሙ ሕመሙ ኤፒለፕሲ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ እንደሆነ ነግሮኝ ፌኖባርቢታል አዘዘላት። «በንክኪ አይተላለፍም» አለኝ። «ክብሪት አታሽቷት። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። በጎኗ አስተኟት።» ቀጥሎም «እጇ እሳት ውስጥ ምን ያህል ቆየ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስደርስ ወድቃ ነበር» አልኩት።

መድኃኒቱ ገና ሳይዝላት፣ በገበያ ቀን፣ ገበያው መሀል ወደቀች። ሰው ከቧት ቆመ። እኔም አብሬ ቆምኩ። የሐኪሙን ቃል አልረሳሁም፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ሸምሱ የሚባል፣ ወላጆቹ ከስልጤ የመጡ ባለሱቅ፣ ሰዉን ገፍቶ ገባ። በጎኗ አስተኛት። ኮቱን አውልቆ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገ። የተገለበጠ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበላት። ስትነቃ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ እህቴ፣ አለፈ» አላት።

በማግስቱ ላመሰግነው ሱቁ ሄጄ እንዴት እንዳልፈራ ጠየቅኩት።

«ስለ ራሴ ባስብማ እሸሽ ነበር፣ መምህር» አለኝ። «ዓይኗን ስትገልጥ ምን ይታያታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ስታይ።»

ቤት ገብቼ፣ በትዳራችን አንድም ቀን ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኳት፤ ስትነቂ ምን ይታይሻል?

«እግር» አለች። «ብዙ እግር። ከመሀሉ ያንተን ጫማ እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ ራቅ ብሎ ነው የማገኘው።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ በሚኒባስ ሶዶ እየሄድን መድኃኒቷን ስናመጣ፣ ሐኪሙም መጠኑን ቀስ በቀስ ሲያስተካክልላት፣ በየሳምንቱ የነበረው መውደቅ መጀመሪያ በወር፣ ከዚያም በመንፈቅ አንድ ጊዜ ሆነ፤ በጣላት ቁጥርም በጎኗ አስተኝቼ፣ ዓይኗን ስትገልጥ ፊቴን እንድታይ እኔም መሬቱ ላይ አጠገቧ እጋደማለሁ። ጣቶቿ ግን አልተመለሱም። ጸጉሯን ለመሥራት ስትታገል ሳይ ዛሬም ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ።

ሸምሱንና ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ እሷን። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ፣ ተሻለው ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ከእሳት አርቁት። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ሩጡ። ፍርሃት ሲይዛችሁ ደግሞ «እኔን ቢይዘኝስ?» የሚለውን ተዉትና፣ እሱ አሁን ምን እንደሚፈልግ አስቡ። እኔ ይህን እስካውቅ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።

ይህን ልጽፍ ስነሳ ፈቃዷን ጠየቅኳት።

«ጻፈው» አለች። «ግን ራስህን ደግ ሰው አታድርግ።»