ሜዳው ባዶ መስሎን

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ እኛ መዘምራን እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ዳር ያለ ሜዳ ላይ ብራይ አዘጋጅተን ነበር... እንዲያው ሥጋ እየጠበስን ልንጫወት።

ሣሩ ውስጥ እዚህም እዚያም ከስንዝር የማይበልጡ ድንጋዮች ተተክለዋል። መርክነህ ሦስቱን ነቅሎ የመጥበሻውን ብረት አስቀመጠባቸው። «እግዜር ጉልቻውንም አዘጋጅቶልናል!» ሲል ሳቅን። እኔ አንዱ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሥጋው እስኪበስል መዝሙር ጀመርን።

ትንሽ ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ አንዲት አሮጊት በከዘራ ቀስ እያሉ መጡ። የክት ልብሳቸውን ለብሰው አበባ ይዘዋል። ተነሳሁና «ሳውቦና ጎጎ» ብዬ በዙሉኛ ሰላም አልኳቸው። እዚህ አያቶችን ጎጎ ነው የምንለው።

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«መዝሙሩን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። በስተመጨረሻ ሰው መጣላቸው ብዬ ልብሴን ቀይሬ መጣሁ።»

«ለእነማን... ጎጎ?»

«ለእነዚህ ነዋ!» በከዘራቸው ድንጋዮቹን አሳዩኝ።

በእንግሊዞች ዘመን እዚህ የድሆች ቤት ነበር አሉኝ። መጠጊያ ያጣ፣ የማዕድን አቧራ ሳንባውን የበላው ሁሉ ይገባል። ለዳቦና ለሾርባ ሲል ድንጋይ ሲፈልጥ፣ የሰው ልብስ ሲያጥብ ይውላል። ሲሞት ሜዳው ላይ ይቀብሩታል... ምልክቱ ድንጋይ ብቻ፣ ስም የለ፣ ምን የለ። የጎጎ አያት እዚያ ልብስ አጣቢ ነበሩ። የትኛው ድንጋይ ሥር እንዳሉ ግን አይታወቅም።

«አዎ፣ ለእነሱ ነው የመጣነው» ልላቸው ቃጣኝ። መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

«ይቅርታ ጎጎ... አላወቅንም። ሥጋ ልንጠብስ ነው የመጣነው።»

ጎጎ ዞር ብለው ፍሙን አዩ፤ ከብረቱ ሥር የጠቆሩትን ድንጋዮች አዩ። መርክነህ ደንግጦ ብረቱን በባዶ እጁ ሊያነሳ ሲል ተቃጠለ።

«ተወው ልጄ፣ ይብሰል» አሉት። «እዚያ ቤት ሥጋ አይቀምሱም ነበር... ሽታው ይድረሳቸው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢቆጡን፣ ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

አበባውን እየበተኑ «ዘምሩ እንጂ» አሉን። ዘመርን።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ፍሙን አጥፍተን፣ ድንጋዮቹ ሲበርዱ ወደየቦታቸው ልንመልሳቸው ተነሳን። መርክነህ አንዱን ታቅፎ ጉድጓዶቹ መካከል ቆመ።

«ይሄ ከየትኛው ነበር?» አለኝ።

አላውቅም። ስማቸውን የነፈጋቸው ሌላ ነው... ቦታቸውን ያምታታነው ግን እኛ ነን።