ዘሀራ ያልጠየቀችኝ ፓስወርድ

ዘሀራ ስልክ ልትገዛ መሆኑን የሰማሁት ከሷ አይደለም። ለኢሜይል የሚሆን ስማርት ስልክ የትኛው እንደሆነ የጠመንጃ ያዥ ሰፈርን ሰው ጠይቃ ጨርሳ፣ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተሻግራ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰው ሳይቀር «ወንድሜ፣ ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል?» ስትል፣ እኔን ግን አልጠየቀችኝም። እኔን! ሦስት ዓመት ሙሉ ኢሜይሏን እየከፈትኩ ሳነብላትና ስመልስላት የኖርኩትን ሰብለወንጌልን። ቅር አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ተቃጠልኩ።

እኔ ኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ ያለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና ዝናብ በመጣ ቁጥር ወረቀት የሚነክስ የኮፒ ማሽን አለኝ። ዘሀራ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ ከደሴ መጥታ ጠመንጃ ያዥ በምትኖረው አክስቷ ቤት አደገች፤ ባሏ ሲሞት ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ አራት የስፌት መኪና ደርድራ፣ አራት ሴቶች ቀጥራ የሐኪም ጋውን ትሰፋለች። ደንበኛዋ አንድ ብቻ ነው፤ ለክሊኒኮች ጋውን የሚያድል የእርዳታ ድርጅት።

ጭንቀታም ናት። በሯን ቆልፋ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን ትነቀንቃለች፤ ጨርቅ ሁለቴ ካልለካች አትቆርጥም። ድርጅቱ በ2003 «ከእንግዲህ ትእዛዝ የምንልከው በኢሜይል ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ሥራው ለቀጣዩ ይሰጣል» ያላት ቀን፣ መርፌ በአፏ እንደያዘች ሮጣ እኔ ጋ መጣች። አድራሻ ከፈትኩላት። ፓስወርዱን እኔው አወጣሁ፣ እኔው ያዝኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነበር፤ ኢሜይሉ የሱ፣ ቁልፉ የኔ። ዘሀራም በየጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ብቅ እያለች «ሰብልዬ፣ መጣ?» ትለኛለች። ከመጣ አነብላታለሁ፤ እሷ መልሱን በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ።

በ2006 ሐምሌ ላይ እንግዲህ ያ ሁሉ ቀረና ስልክ ፍለጋ ጀመረች። ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው የሂሳብ ሠራተኛው ሚደቅሳ «ለሥራ ከሆነማ ቁልፍ ያለው ነው፤ በጣት የሚነካው ታች ስክሪን ለጨዋታ ነው» አላት። መርካቶ የሚነግደው የእህቷ ልጅ ሰሚር ደግሞ «አክስቴ፣ ቁልፍ ያለው ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ሳቀባት። አንዱን ስልክ ስትሞክር አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታያት፤ ተወችው። ሌላው የትእዛዙን ሰንጠረዥ አልከፍትም አለ፤ እሱንም ተወችው። ትንሹ ላይ ደግሞ መርፌና መቀስ ያደነደነው ጣቷ ሁለት ፊደል አንዴ እየነካ አስቸገራት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተንከራትታ በመጨረሻ መካከለኛ ስክሪን ያለው፣ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ባትሪው የሚወልቅ ስልክ ገዛች። መብራት ሲጠፋ የምትቀይረው ትርፍ ባትሪም ጨመረችበት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ መርጣለች። ያን ጊዜ ግን ይህን ከአፌ የሚያወጣ ሰው አልነበረም።

ስልክ ሻጩ በሁለት ደቂቃ አዲስ ኢሜይል ከፍቶላት «ጨርሰናል እናቴ» ብሎ ሸኛት። ድርጅቱ ዘንድ ደውላ አዲሱን አድራሻ ፊደል በፊደል አስጻፈች፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅም «እሺ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ የጠዋቱ አምስት ሰዓት «ሰብልዬ፣ መጣ?» ቀረ።

እኔም ኮራሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቀዝቅዞልኝ የድሮ አድራሻዋን ጻፍኩና ፓስወርዱ ላይ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። የራሷ ስልክ አላት፤ እኔ ምን አግብቶኝ? ብዬ ዘጋሁት። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ መጣች። ዝናቡ ለባቡሩ የተቆፈረውን መንገድ ጭቃ አድርጎት ጫማዋ አይታይም። ሰላም ተባባልን፤ እንደ ድሮው አልተሳሳምንም። በር ላይ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮምፒዩተሩን ታያለች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መታወቂያዋን አውጥታ «እስቲ አንድ ኮፒ» አለችኝ። ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ኮፒውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ስልኩን አውጥታ አይታ፣ መልሳ ከታ ሄደች። እስክትታጠፍ ድረስ አራት ጊዜ ስታወጣው ቆጥሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ከአሥር ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ከሠራተኞቿ አንዷ፣ እንዳለች የምትባለው፣ የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ ኮፒ ልታስደርግ መጣች።

«ሥራ ልትቀይሪ ነው እንዴ?» አልኳት እንደዋዛ።

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ትእዛዙ ሊመጣ ከነበረበት ሳምንት አለፈው። ዘሀራ ምግብ ከተወች ቆየች። ስልኩን ኔትወርክ ይሻለዋል ብላ መስኮቱ ላይ ሰቅላ በየደቂቃው ታየዋለች። ደጋግሜ ከፍቼ አየሁላት፣ ባዶ ነው። እንደ ግንቦቱ እንዳይሆን ነው የምትፈራው።»

«ግንቦት ምን ሆነ?»

እንዳለች ቀና ብላ አየችኝና ያልሆነ ነገር መናገሯ ገባት። ልትተወው ብትሞክርም አልለቀቅኋትም።

«የእማማ ቦሰና ለቅሶ ጊዜ ነዋ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ ሱቁን አልዘጋሽም? ትእዛዙ የመጣው ያኔ ነው። ቀኑ አለፈና ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ሁለት ልጆች ያን ወር ወጡ፤ አሁን የቀረነው እኔና የሺሀረግ ነን።»

እናቴ የሞተችው ግንቦት ላይ ነው። ዘሀራ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኔ አልተለየችም፤ ሰውነቴ ሲዝል ውኃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። በአምስተኛው ቀን ሱቁን ስከፍት ቀኑ ያለፈበት ደብዳቤ አግኝቼ አንብቤላት ነበር። «ትንሽ ሥራ ናት፣ ተያት» ብላኝ ነበር የሄደችው። የጋውኑን ቁጥር በገዛ አፌ አንብቤ፣ በሐዘን ደንዝዤ፣ አመንኳት። ለካ እዚያ ድንኳን ውስጥ እኔን ስታስተዛዝን የሷ እንጀራ እዚህ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ስልክ የፈለገችውም፣ እኔን ያልጠየቀችኝም ለዚሁ ነው። ፓስወርዱን ብትጠይቀኝ «ለምን?» እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ ልትነግረኝ አትችልም።

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። የድሮ አድራሻዋ ላይ ደብዳቤው ተቀምጧል። የመጣው ሰኞ ነው፤ እኔ እጄን የሰበሰብኩ ዕለት። አራት መቶ ጋውን፤ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን ተቀብላ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ካላረጋገጠች ሥራው ለቀጣዩ ይሰጣል። ከሥሩ ደግሞ አድራሻ የሚቀየረው ማኅተም ባለው ደብዳቤ ብቻ ነው ይላል። ይህን በስልክ የነገራት ሰው የለም። ሰዓቱን አየሁ፤ አሥር ከሩብ። እንዳለችን «ደውዪላት» ልላት ስል መብራቱ ድርግም አለ። ኮምፒዩተሩም አብሮ ሄደ።

አሁን ኢሜይሉን መክፈት የሚችለው የዘሀራ ስልክ ብቻ ነው፤ ሱቁን ለእንዳለች ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። በተቆፈረው መንገድ ዳር ዳር፣ አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ መልሼ አውጥቼው፣ በዝናብ ሮጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይለኛል ጆሮዬ። ስደርስ ዘሀራ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የሺሀረግ እጇን አጣምራ ቆማለች። የስፌት መኪናዎቹም ቆመዋል።

«ደብዳቤው መጥቷል» አልኳት እያለከለክሁ። «በድሮው ነው የላኩት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ተኩል። እኔ ጋ መብራት የለም።»

ስልኩን ከመስኮቱ አወረደችው። ባትሪው ሊያልቅ ነበር፤ ትርፉን ከመሳቢያ አውጥታ ቀየረችውና ስልኩ እስኪነሳ ዓይናችንን ተከልን። አድራሻውን ጻፈች። ከዚያ ስልኩን ወደኔ ዘረጋች። «ፓስወርዱን አንቺ ጻፊው፤ እኔ አላይም» አለችና እውነትም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይህ አንጀቴን በላው። «ያንቺ ነው፤ አንቺ ጻፊው» ብዬ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገርኳት። አምስተኛው ፊደል ላይ ጣቷ ቆመ።

«ቦሰና... የእማማ ስም ነው?»

«ያኔ በሕይወት ነበረች። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።» እንባዬ መጣ። «ለምን አልነገርሽኝም ዘሀራ?»

«ምን ብዬ? እናትሽን ስትቀብሪ ሥራ አመለጠኝ ልበልሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተያይዘን እናለቅስ ነበር፤ አሁን ጊዜ የለም። እሷ ዋጋውንና ቀኑን ተናገረች፤ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ሁለቴ አስነበበችኝ። ስንልከው ክቧ ምልክት ዝም ብላ ትሽከረከራለች። ኔትወርኩ ጠፋ። ዘሀራ ስልኩን ነጥቃኝ በመስኮቱ እጇን ወደ ዝናቡ አወጣች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ እኔ ደግሞ የልደታ ማርያምን እጠራለሁ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አሥራ አንድ ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ያ ሳምንት ሙሉ ዝም ያለ ስልክ ጮኸ። «ማረጋገጫችሁ ደርሶናል፤ ሥራውን ጀምሩ» ይላል። የሺሀረግ እልል አለች። ዘሀራ ግን መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ስልኩን ይዛ ሱቄ ብቅ አለች። ለድርጅቱ የሚሆነውን ማኅተም ያለው ደብዳቤ አዘጋጀን። በዚያው ፓስወርዱን እንድትቀይር፣ እኔም የማላውቀውን የራሷን ቃል እንድታወጣ አሳየኋት። አየችውና ስልኩን አጠፋችው።

«ተይው» አለችኝ። «ሥራ ትቼ ሦስት ቀን የተቀመጥኩት ለሳቸው ነው። አሁን ደግሞ ስማቸውን ከዚህ ላጥፋ?»

ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ በር ላይ ስንደርስ እንደ ድሮው ተሳሳምን።