ሚሳኤል በጥርስ ሐኪሙ ላይ

የሰፈሩ ሰው «የጡሩምባዋ እትዬ» ይላታል። ሥራዋ ግን ጡሩምባ መንፋት ሳይሆን ሰማይ መጠበቅ ነው፤ ያውም መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ። ስክሪኑ የጠላት ሚሳኤል መምጣቱን ካሳየ ቀዩን ቁልፍ ትጫናለች፣ የከተማው ሳይረን ሁሉ ይጮኻል። እስካሁን አልጮኸም። ምንም ሳትሠራ ስትውል ጎበዝ የምትባል ሠራተኛ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጣጣው የመጣው በልምምድ ማሽኗ ነው። ሠራተኞቹ እጃቸው እንዳይዝል፣ አልፎ አልፎ ከአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር የሌለ ሚሳኤል ይልካሉ። ትልቁ ስክሪን ልምምድን ከእውነት አይለይም፤ ስለዚህ ልምምዱ እንዳለቀ መስመሩ ከግድግዳው እንዲነቀል ደንብ አለ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ታማ በተኛችበት ሰሞን አለቃዋን ለምና ማሽኗን ቤት ወሰደቻት፤ ልምምዱን ከአልጋው አጠገብ ሆና መራች። ልጅቷ ዳነች። ማሽኗ ግን «ነገ እመልሳታለሁ» ስትባል ሳሎን ከረመች፣ መስመሩም እንደተሰካ ተረሳ። ልጅቷ ደግሞ አንዴ ያየችው የማያመልጣት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ባዶ ቤት የሚጠብቃት ልጅ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ በራ። ሚሳኤሉ የሚወድቅበት ቦታ ነው። አለቃዋ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ለማረጋገጥ ራዳር ጣቢያ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫኚው እንጂ» አላት።

እጇ ወደ ቁልፉ ሄዶ ቆመ። ባለፈው ዓመት ጎረቤት ከተማ ሳይረን በስህተት ጮኾ፣ ሰው በአንድ ድልድይ ደረጃ ላይ ተረጋግጦ አልቋል። ባትጫነውና እውነት ቢሆንስ?

ነጥቡን ቀረብ ብላ አየችው። ያረፈው ልጇ የምትማርበት፣ ወንዙ ዳር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ነው። ሁለተኛው በራ፤ ከገበያው ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ፣ የልጇን ጥርስ በሽቦ ያሰረው ሐኪም ቤት። ሦስተኛው የገዛ እህቷ ቤት ላይ ወደቀ፤ በመጣች ቁጥር የልጅቷን ውፍረት ሳታነሣ የማትሄደው እህቷ። ወደቡን የነካው የለም፤ ኤሌክትሪክ ጣቢያውንም እንደዚያው። የትኛው ጄኔራል ነው ከጥርስ ሐኪም ጋር የተጣላ?

ቤት ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ተይዞ መገኘቱ ግን ምን ያረጋግጣል? ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች ይሆናል።

አራተኛው ነጥብ በራ። እነሱ ያሉበት ሕንፃ ላይ።

አለቃዋ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኛን ነው የፈለጉት» አለ፤ እጁንም ራሱ ወደ ቁልፉ ሰደደ።

ጠላት ከሆነ በእርግጥ የሚመታው ይህን ሕንፃ ነው። አንድ አፍታ እሷም አመነችው። ቀጥሎ ግን ይህን ሕንፃ ከጠላትም አብልጦ ሊጠላው የሚችል ሰው ትዝ አላት፤ ከፍርሃቱም ይልቅ ይኸኛው አንገበገባት። ብትናገር ሥራዋ ያበቃል፤ ልጇም ፖሊስ እጅ ትወድቃለች።

የአለቃዋን እጅ ያዘችው። «ጋሼ፣ ይተዉት። ልጄ ናት። መስመሩን ሳልነቅለው ቀርቼ ነው።»

መልሱን ሳትጠብቅ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ሽቦውን ከግድግዳው መነጨቀችው። ነጥቦቹ ጠፉ። አለቃዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ዛሬውኑ የቢሮ ቁልፏን አስረክባ ለሁልጊዜው ቤቷ እንድትሄድ፣ የልጅቷን ነገር ከበላይ ጋር እንደሚያየው ነገራት።

ገና ፀሐይ ሳለ ቤት ደረሰች። ልጅቷ ማሽኗ ፊት ተቀምጣለች፤ ጨዋታው መሀል ላይ ተቋረጠብኝ ብላ አማረረች። እናት ልትቆጣ አስባ ነበር፣ ግን ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከትልቁ ኮምፒዩተር ጋር ስትጫወት እንደነበር፣ ሕዝቡ ሊተራመስ ለጥቂት መትረፉን ነገረቻት።

«ትምህርት ቤቱ ይሁን፣ ሐኪሙም ይሁን፤ አክስትሽንም እንተዋት» አለች እናት። «እኔ ያለሁበትን ሕንፃ ግን ለምን?»

ልጅቷ ጣቶቿን አየች። «እዚያ ነሽ ብዬ አላሰብኩም፣ እማዬ። ከፈረሰ ቤት ትውያለሽ ብዬ ነው።»

ከሥራ መባረሯን ልትነግራት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው፤ ልጅቷ ደስ እንዳይላት ፈራች።