ያላነበብኳቸው አሥራ አንድ ስሞች

«ስሞቹን የማታነብ ከሆነ ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር።

«መግለጫውን አነባለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የሞቱትን ግን ደስ ብሏቸዋል ብዬ አላነብም።»

«ሲፈርሙ ሞተው ነበር?»

«አልነበሩም።»

«እንግዲያው ምን ቸገረህ? የፈረሙት እነሱ፣ አንተ አልዋሸህም!»

አንድ ክንዴ በፋሻ ታስሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። በሌላው እጄ ወረቀቱን ይዣለሁ። የቆምነው ከቦሌ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ጀርባ ባለው የቀበሌ አዳራሽ፣ ከመድረኩ ጎን ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ሸንጎው ፕሬዚዳንት መምረጡን ምክንያት በማድረግ ሰፈሩ ደስታውን ለመግለጽ ተሰብስቧል። እኔ ቆስዬ ከግንባር የመጣሁ የሰፈር ልጅ ስለሆንኩ፣ የመቶአችንን የደስታ መግለጫ ከነፈራሚዎቹ ስም እንዳነብ ታዝዣለሁ።

«የጌቱ እናት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከጦር ክፍሉ ደብዳቤ ሳይመጣ መርዶ አይነገርም። ስሙን ብትዘለው ነገርካቸው ማለት ነው። ብታነበው ግን ቢያንስ ዛሬን ልጅ አላቸው። የቱ ይሻላል?»

 ወረቀቱን ይዤ ወደ መድረኩ ወጣሁ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማንም ያላስተማረኝ ገጣሚ ነበርኩ። በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ሳይቀር ስጽፍ ስለሚያዩኝ፣ በመቶው ውስጥ የሚጻፍ ነገር ሲኖር የምጠራው እኔ ነበርኩ። ምሽጋችን ሰሜን ውስጥ ባለ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ነው። ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ አለው። ጌቱ ግን እናቱ በርበሬና ቅመም በሚሸጡበት ገበያ ስም «ሾላ» አለው። «ከጠዋት እስከ ማታ ጩኸት፣ ገዢ ግን የለም» ይል ነበር። ስሙ ጸደቀ። የመቶ አዛዡ ሳይቀሩ በሬዲዮ «ሾላ ሰላም ነው» እያሉ ሪፖርት ያደርጉ ጀመር።

የምርጫውን ዜና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማን። የፖለቲካ ኮሚሳሩ መግለጫ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም አሉ።

«ትናንትም እሳቸው፣ ዛሬም እሳቸው። ምኑ ተለወጠ?» አለ መትረየስ ተኳሹ ደምሴ።

«ስሙ ነዋ!» አለው ጌቱ። «እንግዲህ እኛም እንደ ሰው አገር ፕሬዚዳንት አለን። ስም ቀላል ነገር መሰለህ?»

ሳቅን። ከእኛ በኋላ የመጣችሁ ልጆች «ታምኑበት ነበር?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስለዚህ አልደብቃችሁም፤ ያን ቀን ኩራት ኩራት ብሎን ነበር። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ገላዬን ውርር እያደረገኝ ነው የጻፍኩት። ውሃ በኮዳ ክዳን እየተለካ በሚጠጣበት ቦታ አገራችን ትልቅ ሆና ታየችን። ወይስ እኛ ትልቅ ሆነን መታየት አምሮን ነበር? እስካሁን አለየልኝም።

መቶ ብንባልም ሃያ ዘጠኝ ነበርን፤ ሁላችንም ፈረምን። ጌቱ ተራው ሲደርስ ብዕሩን መለሰልኝ።

«ስሜን አንተ አሳምረህ ጻፈው፣ ገጣሚው። ከጎኑ እፈርማለሁ። ከተማ ይነበባል አይደል? እናቴ ትስማው።»

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞርታር ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ወረደብን። ከዚያ እግረኛው መጣ። ሁለት ጊዜ መለስን። በሦስተኛው ግራ ክንፋችን ተሰበረ። ደምሴ «ጥይት!» ብሎ ጮኸ። ጌቱ ሣጥኑን ተሸክሞ ተነሣ። አልደረሰም። ልጎትተው ስወጣ እኔም ክንዴን ተመታሁ። አራት ሰዓት ላይ ረዳት ጦር ደረሰልን። ኮረብታው በእጃችን ቀረ።

የመቶው መዝገብ ከነምሽጉ ተቃጥሏል። ሌላ የስም ዝርዝር ስላልነበረን፣ አሥር አለቃው ያንኑ መግለጫ ከኪሴ አስወጥተው ስም እየጠሩ ቆጠሩን። መልስ ባልተገኘበት ስም አጠገብ በእርሳስ ነጥብ አደረጉ። አሥራ አንድ ነጥብ ሆነ። ደምሴም ጌቱም ነጥብ አላቸው። ኮሚሳሩ ወረቀቱን ተቀብለው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ።

«ይዘኸው ሂድ» አሉኝ። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስላክ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እማማ አስካለ፣ የጌቱ እናት፣ የሾላ መደባቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ደረታቸው ላይ ባለሦስት ቀለም ሪባን ተደርጎላቸዋል። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ማንበብ ጀመርኩ። በየስሙ ይጨበጨባል። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ስደርስ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ወደሚቀጥለው ወረደ። ማንም አላወቀም። የጌቱ ስም አሥራ ሰባተኛው ነው። እዚያ ስደርስ ቦሌ ሊያርፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። በዚያ አዳራሽ አውሮፕላን ሲያልፍ ተናጋሪ ዝም ይላል፤ ልማዳችን ነው። ዝም አልኩ። ጩኸቱ ሲርቅ ከአሥራ ስምንተኛው ቀጠልኩ።

አንብቤ ስጨርስ እማማ አስካለ ተነሥተው ወደ መድረኩ ተጠጉ።

«ልጄ፣ አውሮፕላኑ ነው መሰለኝ፣ የጌቱ አመለጠኝ። እስቲ ድገምልኝ።»

«ድገምላቸው!» አሉ ሊቀመንበሩ ከጎኔ፣ በጥርሳቸው መሐል።

አፌን ከፈትኩ። ሁለት ፊደል ነው። አልወጣልኝም። እማማ አስካለ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ የታሰረውን ክንዴን።

«አብረኸው ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ እማማ።»

«ረስቶት ነው! ልጁ ገና አላገገመም…» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ይተዉት» አሏቸው እማማ አስካለ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ሌላ ሰው እንዳይሰማ ተናገሩ። «ለታላቅ ወንድሜ ንገራቸው። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘው ይምጡ፣ እንደ ወጉ። ዛሬ እኔ ምንም አልሰማሁም።»

አሥራ ስምንት አንብቤ አሥራ አንድ ዘለልኩ። ጌቱ ይነበብልኝ ያለውን ስም ያላነበብኩት ለእሱ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ አላውቅም። ሕዝቡ ተነሥቶ መዝሙር ጀመረ። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። እማማ አስካለ ሪባኑን ከደረታቸው ፈትተው በጥንቃቄ አጠፉትና ወንበራቸው ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በወንበሮቹ መካከል ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ወጡና መዝሙሩን ላለመረበሽ ይመስል በሩን ከኋላቸው ቀስ አድርገው ዘጉት።