ከላቫጆው በታች

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በር ስታንኳኳ ኖራለች። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበረች፤ ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ቆጣሪዋ» ይላታል። በየግቢው ገብታ፣ የብረቱን ክዳን ከፍታ፣ አቧራውን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ደግሞ ጮሆ ብቻ እንደሚቀር፣ የትኛው ቤት በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚከፍት ሁሉ ታውቃለች። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት መሥሪያ ቤቱ ቁጥሩን ራሱ የሚልክ ቆጣሪ አስገጠመና እሷን ከቅሬታ መቀበያው መስኮት ጀርባ አስቀመጣት። ዕድገት ነው ተባለ። ወንበሩም ተሽከርካሪ ነበር።

እግሯ ግን ዕድገቱን አልሰማም። ከጠረጴዛው ሥር ሲወዛወዝ ይውላል። አጠገቧ የምትሠራው ጸሐፊ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወለሉን ልትቆፍሪው ነው እንዴ?» ትላታለች። በሁለተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት በጓሮ በር ወጥታ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች። ልጅ ሳለች የዋኘችበት፣ ታናሽ ወንድሟንም ከሆዱ ሥር ደግፋ መንሳፈፍ ያስተማረችበት ወንዝ ነው። አሁን ዳርቻውን እሾህ ውጦታል፤ በየቅርንጫፉ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ መታጠፊያው ላይ አንድ አሮጌ ፍሪጅ በሩን ከፍቶ በጀርባው ተኝቷል። አንድ ፌስታል አነሳችና ሌሎቹን እየለቀመች ሞላችበት። በማግስቱ ጓንት ይዛ መጣች።

ከወንዙ ማዶ የሚሠራው አናጢ ሳምንት ሙሉ ሲያያት ቆይቶ ተሻገረ።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መቀመጥ አቅቶኝ ነው።»

አናጢው ጥቂት አሰበና ኮቱን አውልቆ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለ። ከእሱ ቀጥሎ ጡረተኛው የስፖርት መምህር ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ፤ ፊሽካ ባለበት ደግሞ ሰው አይጠፋም። ዓመት ሳይሞላ ቅዳሜ ቅዳሜ አርባ ሰው ይወጣ ጀመር። ፍሪጁን በገመድ ጎትተው አወጡት። አናጢው ከመታጠፊያው በታች በሳንቃ መውረጃ ሠራ፤ ውሃው ላይ ገመድ ተዘረጋና የመዋኛ ቦታ ተከለለ። የሚከፈተውም በሚመጣው እሁድ እንዲሆን ተወሰነ።

ወንድሟ ከመታጠፊያው በላይ ላቫጆ አለው። መኪና ያጥባል፣ ዘይትም ይቀይራል። የጭነት መኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ከየቦታው ሰብስቦ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ነፍቶ ለልጆች መንሳፈፊያ አዘጋጅቷል። ሰው በተሰበሰበበት «የእህቴ ወንዝ» ይላል፤ ሲልም ደረቱ ነፋ ይላል።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ውሃው ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ እየሆነ የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን አየች። እንጨት ነክራ አሸተተችው። የተቃጠለ ዘይት ነው።

እራት ላይ ሦስት ጊዜ ከገበታው ተነሳች። አብራት የምትኖረው እናቷ፣ «ልጄ፣ እህሉ በጉሮሮሽ ይውረድ እንጂ፤ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። ምንም አልሆንኩም አለች። አርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ሄደች፤ ሽፋኑ አለ። በምሳ ሰዓት ሄደች፤ የለም። ከሰዓት ከአለቃዋ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች፤ መልሶ መጥቷል። ጠዋት የሚከፍት፣ ምሳ ላይ የሚዘጋ፣ ከሰዓት መልሶ የሚከፍት ውሃ ማን ዘንድ እንዳለ ለማወቅ መዝገብ አላስፈለጋትም፤ ያንን ቆጣሪ ስንት ዓመት አንብባዋለች። ሆኖም በዓይኗ ማየት ፈለገች። እሾህ እየቧጠጣት ዳርቻውን ይዛ ወጣች። ከወንድሟ አጥር ሥር አዲስ የፕላስቲክ ቱቦ በቅጠል ተሸፍኖ ወደ ወንዙ ወጥቷል። እጇን ከአፉ ሥር ዘረጋች። ሳሙና ያለበት፣ ጥቁር፣ ለብ ያለ ውሃ መዳፏ ላይ ወረደ።

በዋናው በር ዞራ ገባች። ወንድሟ የጎማ ጫማውን አድርጎ አንድ ሚኒባስ እያጠበ ነበር። እጇን አይቶ ቧንቧውን ዘጋ።

«የዘይት ማጥለያው ጉድጓድስ?» አለችው።

«ሞላ፣ እትዬ። ሁለት ወር ሆነው። በበርሜል ሳወጣ ቆይቼ ነው ቱቦውን በዚህ ሳምንት የዘረጋሁት።»

«ሁለት ወር።»

«አስመጥጠዋለሁ። መኪና ተሰልፎ ሳለ ግቢውን ልዝጋ? ከእሁድ በኋላ ይመጠጣል።»

«እሁድ እኮ ልጆች ሊገቡበት ነው።»

«እኛስ ስንት ውሃ ውጠን አድገናል፤ ምን ሆንን?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ቀን ዝም በይልኝ። ሌላ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፤ ጠይቋት አያውቅም። በመጣችበት በር ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት መውረጃው ላይ ሰሌዳ ቸነከረች፦ «ዘይት አለ፤ መዋኘት አይቻልም።» የስፖርት መምህሩ አንብቦ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ዘይቱ ከየት መጣ?»

«እያጣራሁ ነው፣ መምህር።»

«ያንቺ ማጣራት ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚዘገየው?»

ዓይኗን ወደ ውሃው መለሰች። ቀኑን ሙሉ ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ ስትመላለስ ዋለች። ማታ እናቷን እንደ ዘበት፣ «የራስ ሰው ቢያጠፋ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀቻት። እናት የዋዛ አይደለችም፤ «አንድ ወንድም ነው ያለሽ» አለቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እሁድ ሰሌዳውን ያላነበበው ሁሉ ፎጣውን አንግቶ መጣ። ያነበበውም መጣ። ልጆች ያለቅሳሉ፤ ትልልቆቹ ያጉረመርማሉ። በዚህ መሃል አንዱ፣ «ዘይት ከጋራዥ እንጂ ከየት ይመጣል?» አለ። ከድልድዩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ አለው፤ ጠባዩ ከበድ ይላል፤ ቅዳሜ ወጥቶም አያውቅም። ነገሩ ወዲያው በሰው አፍ ላይ ሞቀ። እሷ መውረጃውን በገመድ ለመዝጋት ስትታገል ቆይታ ቀና ስትል ግማሹ ሰው ዳገቱን ወጥቷል። ስትደርስ የጋራዡን ቆርቆሮ በር ይደበድባሉ። መካኒኩ በሩን ከፍቶ መፍቻ እንደያዘ ብቅ አለ። አንድ ጎረምሳ «አንተ አሮጌ» ብሎ ሰደበው፤ ሌላው ደረቱን ገፋው።

«ተዉት» አለች። አልሰሟትም። «የእሱ አይደለም አልኩ። የወንድሜ ነው።»

ሁሉም ዞረ። ወንድሟም ከኋላቸው ቆሟል፤ ላስቲኮቹን በፒክአፑ ጭኖ መምጣቱ ነበር። ቁልቁል ወርዳ መሄድ አማራት፤ አልሄደችም።

«ከሐሙስ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ አርብ አረጋገጥኩ» አለች። «ትናንት እያጣራሁ ነው ያልኩት ውሸት ነው።»

ወንድሟ የፒክአፑን ኋላ ከፍቶ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ መንገዱ ላይ አወረደ። አንዱ ቁልቁል ተንከባለለና ልጆች ተከተሉት። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በሳምንቱ ጉድጓዱን አስመጠጠ፤ ቱቦውንም ነቅሎ በሲሚንቶ ደፈነው። ለእሷ ግን ጀርባውን ሰጣት። እናቱን ለመጠየቅ የሚመጣው እሷ ሥራ በምትውልበት ሰዓት ነው። አናጢው ሊያጽናናት፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ አንቺ ሳይወስደው ነው የጮህሽለት» አላት። አላጽናናትም።

መካኒኩ ዘንድ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ አልወጣም።

«ለአንድ ቀን ነው ዝም ያልኩት» አለችው።

«ያቺ አንድ ቀን እኮ በእኔ በር አለፈች» አለ ከሥር። መፍቻ እየቀየረ፣ «ባትናገሪ ኖሮ ደግሞ በሩም አይተርፍም ነበር። ሂጂ በቃ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

መዋኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ውሃው ሁለቴ ተመርምሮ ተከፈተ። ልጆቹ ላስቲኮቹ ላይ ሲንጫጩ መምህሩ ፊሽካውን እየነፋ አበደ፤ ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ዳገቱን ቀና ብላ አየች። ወንድሟ አልመጣም።

አንድ ቀን እናቷ፣ «ጎህ ሳይቀድ ይወርዳል አሉ፤ ብቻውን ይዋኛል» አለቻት። እሷም በዚያ ሰዓት ነበር የምትሄደው። ከማግስቱ ጀምሮ እንዳታሳፍረው መንገዷን ትታ፣ ፀሐይ እስክትወጣ በጠባቧ ግቢ ውስጥ ስትዞር ታነጋ ጀመር። አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ በእናቱ በኩል መልእክት ላከ፤ ሰላምታ የለበትም፦ የመውረጃው ሦስተኛ ሳንቃ ላልቷል፣ ሰው እግሩን ሳይሰብር አሠሩት።

መዶሻ ይዛ በጎህ ወረደች። ጸጉሩ ከውሃው እንደረጠበ ሳንቃው ላይ ተቀምጧል፤ ምስማር በእጁ ይዟል።

«መዶሻ ነው ያጣሁት» አለ።

አቀበለችው። እሷ ስትይዝ እሱ መታ።

«ቅዳሜ አሁንም በአንድ ሰዓት ነው?»

«በአንድ ሰዓት ነው።»

በሦስተኛው ቅዳሜ አርፍዶ መጣ። ሰዉ ቦታ ለቀቀለት፤ ያለፈውን ያነሳበትም የለም። መካኒኩ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም፤ ወንድሟም ሄዶ ይቅርታ አልጠየቀውም።

እሷም ሙሉ በሙሉ አላረፈችም። በምሳ ሰዓት እስከ ወንድሟ አጥር ሥር ትወጣለች፤ ጎንበስ ብላ ውሃውን በመዳፏ ዘግና ታሸታለች። አንድ ቀን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ አያት።

«ዛሬም ታሸቺኛለሽ?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«አላውቅም፣ ወንድሜ።»

ከአጥሩ ወርዶ የክፍሉን በር ድርግም አድርጎ ገባ። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ የሥራ ሰዓት ደርሶ ነበርና፣ በእሾሁ መሃል ፈጠን እያለች ወረደች።