ሱባዔ ነው ኩርፊያ?

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ዘሃራ የቤቴን በር በአካፋ እጀታ ደበደበችው።

«አንቱ ጋሼ! ሦስት ቀን ሙሉ በር ዘግተው ምን ሆነው ነው?»

«የፍልሰታ ሱባዔ ይዤ ነው» አልኳት፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ።

«ሱባዔ የያዘማ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ወላሂ ይሄ ኩርፊያ ነው! ይልቅ ይውጡ፣ ቦዩ ተደፍኖ ጎርፉ ቤቴ ሊገባ ነው።»

በካፊያው ቦዩን ስንጠርግ አረፈድን። ከሰዓት ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ፣ ሽሮዬን ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግቤ በላሁ። (ወገቤን ግን አትጠይቁኝ።)

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ክረምት ሲገባ ልቤ ይከብደኛል። ለካ ብቸኝነቴን ጸሎት እያልኩ ስሸሽግ ኖሬያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዘሃራንም የላካት እሱ ይመስለኛል።

ነገም አካፋ ይዤ እንድወጣ ታዝዣለሁ። እናንተስ፣ በዚህ የመካነ ሰላም ጭጋግ ከቤት የሚያወጣችሁ ማን ነው?